የግራ በኩል ፔዳና

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ እግር ባኪዬን ሊገዛ መጣ። ባኪ እዚህ ጆሃንስበርግ ፒክአፕ መኪና የሚጠራበት ስም ነው። ልጁ ካርቶን አንጥፎ ሥሯ ገባ፣ ሞተሯን አስነስቶ ጆሮውን ጣል አደረገ፣ ጎማዎቿን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። ሁሉም ነገር ደስ አሰኘው። ከዚያ ወደ ግራ ዞረና ግንባሩን ቋጠረ።

«ብራዘር፣ ይሄ ፔዳና ለምን በግራ ብቻ ሆነ? የቀኙ የት ሄደ?»

የቀኙ የትም አልሄደም። ተገጥሞም አያውቅም። ይህን ስነግረው አዘነልኝ፤ የተጭበረበርኩ መስሎታል።

«ሲያስጠላ! ግድ የለም፣ እኔ ስወስዳት ቆርጬ እጥለዋለሁ» አለ።

ያቺ እግር ማሳረፊያ ብረት እዚያ እስክትገጠም ድረስ ስንት ወር ደሜ እንደፈላ እንዴት አድርጌ ላስረዳው?

ነገሩ የሆነው በኮሮናው ዘመን ነው። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ትዕግሥትም የለኝ። አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሰፈር ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ስፓዛ ነበረችኝ። ስፓዛ ያው የሰፈር ሱቅ ነው፤ ቀን እሸጥባታለሁ፣ ማታ ከዱቄቱ ጀርባ እተኛባታለሁ። ባኪዋ ግን የብቻዬ አልነበረችም። የሦስት ሰው ሽርክና ነበረች፦ የእኔ፣ የመሠረትና የጋሽ ኤርሳዶ። ሦስታችንም ከሆሳዕና አካባቢ የመጣን፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የምናመልክ ሰዎች ነን። ሱቃችን የየራሳችን ነው፤ ዕቃ ከከተማ የምናመጣው ግን በአንዲቱ ባኪ ነው። ደንባችን ደግሞ ግልጽ ነበር። ሦስታችንም «እሺ» ካላልን እንኳን ሌላው የመስተዋቷ መጥረጊያ አይቀየርም።

የመሠረትና የጋሽ ኤርሳዶ ሱቆች አስፋልቱ ዳር ጎን ለጎን ናቸው። የእኔ ከጉድባው ማዶ ነበር። ጉድባው በደረቅ ጊዜ ልጆች ኳስ የሚያሳድዱበት ዝቅ ያለ መሬት ነው። ዝናብ ሲጥል ግን ጎርፉ መሃሉን እየቦረቦረ ጎማ የሚውጥ ቦይ ያወጣበታል። ከኮሮናው በፊት በነበረው የዝናብ ወቅት ባኪዋ ጭነቷን እንደተሸከመች እዚያ ሆዷን አስመትታ ቀረች። ማርሚታዋ ተገነጠለ። እኔ የበቆሎ ዱቄቱን ከረጢት በከረጢት በትከሻዬ ተሸክሜ ተሻገርኩ፤ ግማሹ መንገድ ላይ ቡኮ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ዝናቡ እስኪያባራ ባኪዋ ወደ እኔ አልተሻገረችም። ደንበኞቼ በባዶ መደርደሪያዬ በኩል አንገታቸውን ብቅ እያደረጉ «ማይ ፍሬንድ፣ ዱቄት የለም?» ይሉና ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳሉ።

አንድ ዝናብ ደግሞ እንደዚያ ካለፈብኝ ሱቋ እንደምትዘጋ ገባኝ። እሷ ከተዘጋች መሃል ከተማ ሂልብሮው ፎቅ ላይ ተደራርበን እንተኛበት ወደነበረው ክፍል ተመልሼ የሰው ተቀጣሪ መሆኔ ነው። ስለዚህ ለራሴ ማልኩ። ቀጣዩ ዝናብ ሳይመጣ ባኪዋ ከፍ ትላለች፤ ጎማዋም ይተልቃል።

እዚህ ላይ ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ልበል። በዚህ አገር ብርዱና ዝናቡ አይተዋወቁም። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ሳሩ ተቃጥሎ ይጠቁራል፣ አቧራው ከጭስ ጋር ተደባልቆ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል፤ ከሰማይ ግን አንዲት ጠብታ አትወርድም። ዝናቡ የሚመጣው ሙቀቱ ሲመለስ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ስለዚህ ብርዱን ሙሉ ጊዜ አለን ብዬ አስቤ ነበር። ጊዜማ ነበረን። ጋሽ ኤርሳዶም ነበሩ እንጂ።

ጋሽ ኤርሳዶ ከሁላችንም ቀድመው ወደዚህ አገር የገቡ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ጸጉራቸው ጥጥ የመሰለ ሰው ናቸው። ጂፒ የሚባለው የሐበሻ ገበያ ውስጥ ከጅምላ ሻጮች ጋር ሲከራከሩ የሰማ ሰው ለዘላለም አይረሳቸውም፤ ሻጩ ራሱ በመጨረሻ አመስግኖ ነው የሚሸኛቸው። ያለ እሳቸው ዕቃ ልገዛ ከሄድኩ ተላልጬ እመለሳለሁ። ስለዚህ እኔ እነዳለሁ፣ በዚህ አገር መሪው በቀኝ ነውና እሳቸው በግራዬ ይቀመጣሉ።

አብሮ መሄዱ ግን እዳ ነበር። ጠዋት ባኪዋን ከምታድርበት ከመሠረት ግቢ ላስነሳ ስመጣ ሁልጊዜ ቀድመውኝ ጋቢና ገብተው አገኛቸዋለሁ፤ እንዳረፈድኩ ለማሳየት ይመስለኝ ነበር። ከተማ ስንደርስ ደግሞ «ወደ ድንጋዩ ተጠጋ፣ ወደ ድንጋዩ!» ይሉኛል። ከፍ ያለ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ካላገኘሁላቸው አይወርዱም። እሱን ፍለጋ አንዱን ሕንፃ ሦስቴ የዞርኩበት ቀን አለ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ጥላቸው ነበር። መያዣው እንደ መንጠቆ የታጠፈ ጥቁር ጥላ፤ ሰማዩ እንደ መስተዋት በጠራበት፣ ጠብታ በሌለበት በሰኔ ብርድ፣ ከእጃቸው አይለይም።

«ጋሼ፣ ይሄ ጥላ ለምንድን ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ለፀሐይ» አሉኝ፣ እጃቸውን ከንፋሱ ብብታቸው ውስጥ እየከተቱ።

የባኪዋን ነገር ሳነሳ መሠረት ወዲያው «ከፍ አድርጓት፤ ቀለሟን ብቻ እንዳትነኩ» አለች። መሠረት ነገር ማንዛዛት አይሆንላትም። ጋሽ ኤርሳዶ ግን «እስቲ ሄደን እንይ» አሉ። ሰኔ ውስጥ ነበር ይህን ያሉት።

ሚድራንድ መውጫ ላይ ወዳለ አንድ ጎማ ቤት ሄድን። በር ላይ አንዲት ልጅ ግንባራችን ላይ ሙቀት መለኪያ ደገነችብን፣ እጃችንን በአልኮል አራሰችው። ባለቤቱ ኮቡስ የሚባል፣ ማስኩ አገጩ ላይ የሚንጠለጠልበት ነጭ ሰውዬ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ ልቤ የሄደው ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶ ነበር፤ መሰላል የሚያስፈልጋት የምትመስል፣ ጎማዋ ደረት የሚደርስ ባኪ። ኮቡስ ሳቀብኝ።

«ዱቄት አይደል የምትጭኑት?» አለ። «ሞላና ባሌስትራ የሚያነሱት አካሏን ነው፤ ሆዷን ከነአክስሏ የሚያነሳው ጎማ ነው። ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ውሰዱ። ሁለት ጣት ያህል ከሞላው፣ ጎማውን ደግሞ አንድ ቁጥር ከፍ። ከዚያ ካለፋችሁ ጎማው መሪ ስታዞሩ ፓራፋንጎውን ይግጣል፤ ጭናችሁ ስትታጠፉም ትወዛወዛለች።»

ነገሩ ገባኝ፤ ፎቶውንም ረሳሁት። በዚህ የሚከራከር ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ኮቡስ ልክ እንደዚያ ወደ ተሠራች ባኪ ወስዶን በሯን ከፈተና «ባባ፣ ግቡና ሞክሯት» አላቸው።

ጋሽ ኤርሳዶ መቀመጫውን አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ። «አይ፣ ጫማዬ አቧራ ነው። የሰው መኪና አላቆሽሽም» አሉ። ኮቡስ ራሱ እስከ ክርኑ ግሪስ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰበቡ ዘነበ። መጀመሪያ ነዳጅ ትበላለች አሉ። ኮቡስን ጠየቅኩ፤ ጥቂት፣ አለ። ቀጥሎ ትገለበጣለች አሉ። በሁለት ጣት? ቀጥሎ ደግሞ ከፍ ያለች ባኪ ባለቤቷን ሀብታም ታስመስላለችና የጾትሲ ዓይን ያርፍባታል አሉ። ጾትሲ እዚህ ወሮበላው የሚጠራበት ነው፤ ሱቃቸው በተዘረፈ ጊዜ ጉልበታቸው ላይ ተመትተው ነበርና ይህንን ሲሉ ማንም አይከራከራቸውም፣ እኔም ለሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። ከዚያ ፍጥነት መለኪያው ይዋሻል የሚል መጣ። ይህን ከማን እንደሰሙት አላውቅም። የባሰው ግን እውነት መሆኑ ነው፤ ጎማ ሲተልቅ ቆጣሪው ከፍጥነቷ አሳንሶ ያሳያል። ድል እንዳደረጉ ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ ሲደሰቱ ከረሙ።

ነሐሴ አለቀ። ኮቡስ መልእክት ላከ፤ በመርከብ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ እየዘገየ ነው፣ ያለኝን ሌላ ሰው ሳይወስደው ወስኑ፣ አለ። እኛ ግን አልወሰንንም።

አንድ ቀን ከጂፒ ዕቃ ጭነን ምሳ ጋቢና ውስጥ በላን። ምግብ ቤቶቹ በዚያ ሰሞን ሰው አብዝተው እንዳያስቀምጡ ስለተከለከሉ ጥብስ ፍርፍር በፕላስቲክ ዕቃ አስረው ነበር የሚሰጡን። መስተዋቱ በእንፋሎት ደፈረሰ፣ በርበሬው ዓይናችንን አስለቀሰው። ሆዳቸው ሞቅ ሲል ልባቸውም ይራራ ይሆናል ብዬ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ዝናቡ ደረሰ እኮ። ሱቄን ልዘጋ ነው። ምን እንጠብቃለን?»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ተሜ።»

«እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እኔ ሂልብሮው እገባለሁ!»

ጣታቸውን ጠረጉ፣ ማስካቸውን አፍንጫቸው ላይ መለሱ፣ ከዚያ የፈራሁትን ቃል ተናገሩ።

«እስቲ እንጸልይበት።»

በእኛ ዘንድ ይህ ቃል ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? አማኝ ሰው «አይ፣ አንጸልይበትም» አይል። ደግሞም ጸሎቱ መቼ እንዳለቀ የሚያውቀው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ እሳቸው ናቸው። አንጀቴ አረረ።

«ለሞላ ይጸለያል እንዴ? መኪና እኮ ናት!» ብዬ ጮህኩ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን።

«ለሁሉ ነገር ይጸለያል» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንቅልፍ ይሁን ጸሎት አላውቅም፤ እስከ አይቮሪ ፓርክ ድረስ አልገለጡትም።

መስከረም ሲጋመስ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ተሰማ። በማግስቱ ጠዋት እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ከወትሮው ቀድሜ መሠረት ግቢ ደረስኩ። ባኪዋን ዞሬ ልደርስ ስል ጋሽ ኤርሳዶን አየኋቸው፤ እሳቸው አላዩኝም። የግራው በር ተከፍቷል። ከሥሩ ቀይ የለስላሳ ሳጥን ተደፍቷል። በአንድ እጃቸው ጥላውን ተመርኩዘው ሳጥኑ ላይ ወጡ። ከዚያ የግራ እግራቸውን፣ የማይታጠፈውን እግር፣ ሱሪያቸውን ጉልበቱ ላይ ጨብጠው እንደ ዕቃ አንስተው ጋቢና ውስጥ አስገቡት። ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ቆዩ። ሲቀመጡ ጎንበስ አሉና በጥላው መንጠቆ ሳጥኑን ገፍተው ከግድግዳው ጋር አስጠጉት። በሩን ዘጉ። ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር የለም፤ አርፍጄ እንደመጣሁ ሊገሥጹኝ ዝግጁ ሆነው ተቀመጡ።

ከግቢው ቆርቆሮ አጥር ጀርባ ቆሜ ቀረሁ። ጥላው ከዘራ ነበር። በአገራችን እንደ እሳቸው ያለ ሰው ከዘራ ቢይዝ ክብሩ ነው፤ ማንም እግርህን ምን ሆንክ አይለውም። እዚህ ግን ከዘራ የያዘ ሰው የደከመ ሰው ነው፤ ሌባውም ያየዋል፣ ሸሪኩም ያየዋል። አሁንም ያለ ሳጥን መውጣት የማይችሉት ሰው ባኪዋ ሁለት ጣት፣ በዚያ ላይ የጎማው ተጨምሮ ከፍ ብትል ምን ሊያደርጉ ነው? ያ ሁሉ ነዳጅ፣ ያ ሁሉ ፍጥነት መለኪያ፣ ያ ሁሉ ጸሎት! አንዲት ቃል ብትነግሩኝ ምን ነበረበት ብዬ ይበልጥ ተናደድኩ። አዘንኩም። ሁለቱ ባንድ ላይ ሲመጡ ሰው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።

በቀጥታ ብጠይቃቸው ግን መሞታቸው ነው። ያንን ለማወቅ የግድ ሽማግሌ መሆን አያስፈልግም፤ ይሉኝታ ያሳደገው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ማታ ሦስታችንም በተገኘንበት እንዲህ አልኩ፦

«ባኪዋን ስናነሳ ፔዳና ካልተገጠመላት እኔ አልስማማም። መሲ ቀሚስ ለብሳ መውጣት አቅቷታል።»

መሠረት ከባኪዋ ኋላ የዱቄት ከረጢት ብቻዋን የምታወርድ ሴት ናት። ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች፣ ወደ ጋሽ ኤርሳዶ መለሰች፣ ከዚያ ወገቧን ይዛ «አዎ፣ ሞትኩ እኮ! ስንት ጊዜ ልናገር ብዬ አፈርኩ» አለች።

ጋሽ ኤርሳዶ የጥላቸውን መያዣ በአውራ ጣታቸው አሻሹ። «ለመሲ ከሆነ...» አሉ በመጨረሻ። «ጸሎቱም መልስ ያገኘ ይመስለኛል።»

ወደ ሱቄ ስሄድ መሠረት እስከ በር ሸኘችኝ። «ሳጥኑን ማታ ማታ ከበሩ ሥር ማን የሚያስቀምጥላቸው መሰለህ?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንተ አሁን ገና ነው ያየኸው?»

በሳምንቱ ኮቡስ ዘንድ ነበርን። ሞላውና ባሌስትራው ተቀየረ፤ ከአሮጌዎቹ ጎማዎች አጠገብ አዲሶቹ ዳቦ ይመስሉ ነበር። ኮቡስ መሪውን እስከ መጨረሻው ወዲህና ወዲያ አዙሮ ፓራፋንጎውን እንደማይነኩ አሳየን። ከዚያ ሁለት ፔዳና ይዞ መጣ፤ የግራና የቀኝ። ጋሽ ኤርሳዶ ጥላቸውን አነሱና የቀኙን ገፋ አደረጉት።

«ይሄ ለምን? ትርፍ ወጪ ነው።»

«ጋሼ፣ ጥንድ ነው። አንድ ብቻ ሲሆን ያስጠላል።»

«አንተ ምን ያደርግልሃል? አንተ እግር አለህ!»

ቃሉ ከአፋቸው ወጣ። ሁለታችንም ሰማነው። ኮቡስ አማርኛ ስለማያውቅ ብረቶቹን እንደያዘ ያየናል። ጋሽ ኤርሳዶ ማስካቸውን አወረዱ። ከዚያ በፊት ያለ ማስክ፣ ያለ ሰበብ፣ እንደዚያ ፊት ለፊት አይተውኝ አያውቁም።

«ከመቼ ወዲህ አወቅህ?» አሉኝ።

«ሰሞኑን።»

«ለሰው አትንገር። መቆም ያልቻለ ሸሪክ ድርሻህን ይዘህ ውጣ ይባላል፤ ተብሎም አይቻለሁ። ልጆቼ ትምህርት አልጨረሱም፣ ተሜ። አሁን አገሬ ብገባ ባዶ እጄን ነው።»

«ማን ነው ውጡ የሚልዎት? ያለ እርስዎ ጂፒ ውስጥ ቆዳዬን ነው የሚገፉኝ» አልኳቸው። እሳቸውም ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አደረጉና ወደ ኮቡስ ዞረው ስለ አንዱ ፔዳና ዋጋ ክርክር ጀመሩ። ኮቡስ በመጨረሻ አመስግኖ ሸኛቸው።

ከባዱ ዝናብ በጥቅምት ወረደ። ባኪዋ ጭነቷን ይዛ ጉድባው አፍ ላይ ስትደርስ ቀስ አድርጌ አስገባኋት። ውሃው ሥሯን ታጠባት፣ ጎማዎቹ ጭቃውን ቆነጠጡ፣ አንድ ጊዜ ዘመም አለች፤ ሆዷ ግን አልነካም። ማዶ ስንወጣ ከዝናቡ የተጠለሉት ደንበኞቼ አፏጩልን። ጎጎ የምንላት አሮጊት ጎረቤቴ ትኩስ ማግዊንያ፣ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ በወረቀት ጠቅልላ በመስኮት አቀበለችን። እኔ ከደስታዬ ብዛት መሪውን ስደበድብ ጋሽ ኤርሳዶ ማግዊንያውን እያኘኩ ወደ እኔ ዞሩ።

«አላልኩህም? ትንሽ ከፍታ ይበቃል። የዚያን ቀን ፎቶ ላይ ያየሃትን አስመስለናት ቢሆን ይሄኔ ተገልብጠን ነበር።»

በዚያች ሰዓት ከባኪዋ ላወርዳቸው ምንም አልቀረኝም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልጆቻቸው ሲመረቁ ድርሻቸውን ሸጡልኝና አገራቸው ገቡ። ቆይቶም መሠረት የሷን ሸጠችልኝ፣ ባኪዋም የብቻዬ ሆነች። ጋሽ ኤርሳዶ ባለፈው ፋሲካ ፎቶ ልከውልኛል። ሆሳዕና፣ ደጃቸው ላይ ቆመዋል፤ በእጃቸው ጥቁር የተወለወለ ከዘራ። ጥላ የለም። በዙሪያቸው ያለው ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያያቸው።

ይህን ሁሉ ለዚያ ልጅ እግር አልነገርኩትም። እሱ ስልኩን አውጥቶ መክፈል ሊጀምር ነበር። «እና ተስማማን አይደል?» አለኝ።

«እስቲ ልጸልይበት» አልኩት።

«ምን? ለምኑ? መኪና እኮ ናት!»

ፊቱ ሲቀላ፣ ጥርሱን ሲነክስ አየሁት፤ አንጀቱ እንዴት እንዳረረ ከእኔ በላይ የሚያውቅለት የለም። ሲሄድ ሰላም እንኳን አላለኝም።

ከሄደ በኋላ ወደ ግራው በር ዞርኩ። እኔ ሁልጊዜ በቀኝ ስለምገባ ያቺን ፔዳና አንድ ቀን እንኳን ረግጫት አላውቅም ነበር። ላስቲኳ መሃሉ ላይ አልቋል፣ የአንድ ጫማ ልክ ጎድጉዷል። እግሬን እዚያው ላይ አሳረፍኩና ገብቼ በእሳቸው ቦታ ተቀመጥኩ። በጣም ናፈቁኝ፤ ያ ሁሉ ንዴቴም ጭምር ናፈቀኝ።